ግልጽ ደብዳቤ፦ የልጆቻችን የምሳ ዝርዝር የድሬን ሙቀት ይወቅ

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ እና ጤና ቢሮ፣
ለርዕሳነ መምህራን፣ ለግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች እና ለወላጅ ኮሚቴዎች

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳቢያንም ሂዱ፣ ከዚራም ሂዱ፣ መጋላና ለገሃሬም ሂዱ፣ በየቤቱ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ድስት ተጥዷል፣ እንጀራ ይጠቀለላል፣ የጠፋ ክዳን ይፈለጋል፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ያ ምሳ ዕቃ የሚከፈተው 6 ሰዓት ላይ ነው። በመሃል ያሉት 5 ወይም 6 ሰዓታት በድሬ ምን ማለት እንደሆኑ እናንተም እኔም እናውቃለን። እዚሁ ነው የምንኖረው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ወረቀት ነው። ዘንድሮ ትምህርት ሲጀመር ልጆቼ ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ተላከልኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ሌሎች ወላጆችን ስጠይቅ ተመሳሳይ ወረቀት ከሌላ ትምህርት ቤት የደረሳቸው አሉ። «ጤናማ የምሳ ዝርዝር» ይላል። ሰኞ የቺዝ ሳንድዊች። ማክሰኞ ኮርንፍሌክስ ከወተት ጋር። ረቡዕ እርጎ፣ የተቆራረጠ ፍራፍሬ ተጨምሮበት። ሐሙስ ዶሮ በማዮኔዝ። ዓርብ ቱና በዳቦ። ከታች ደግሞ ቆሎ፣ ንፍሮና «ሽታ ያላቸው ወጦች» ባይላኩ ይመረጣል ተብሎ ተጽፏል።

ሐሳቡ ጥሩ እንደሆነ አምናለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ስለ ልጆች ምግብ ማሰቡ ያስመሰግነዋል፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ግን ዝርዝሩን ያወጣው ሰው የድሬን ፀሐይ አልቆጠራትም። የኪሳችንንም ነገር አላሰበም፣ የቺዝ ዋጋ ለማን ይነገራል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ልጆች መኖራቸውም ተረስቷል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሙቀቱ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ ማዮኔዝ፣ ዶሮ፣ የተከፈተ ቱና፣ የተቆረጠ ፓፓያ። እነዚህ ሁሉ ፍሪጅ የሚፈልጉ ምግቦች ናቸው። ፍሪጅ ባለበት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ በሆነ አገር ለሚማር ልጅ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል። እኛ ልጆቻችንን የምንልከው ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ የሚያልፍበትም ቀን አለ። ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጡ ከውጭው ይብሳል። ምሳ ዕቃው ደግሞ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው መስኮት ሥር፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደህንነት ካወጣቸው አምስት ዋና ዋና ምክሮች አንዱ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ ይላል። ጀርም እንደ ልቡ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። አየሩ 32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የአሜሪካ የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች 2 ሰዓቱን ወደ 1 ያወርዱታል። የእኛ ልጆች ምሳ 5 ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

እህቴ ሐረር ነው የምትኖረው። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ግን ደንገጎን ወጥታችሁ ዓለማያ ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እሷ ለልጆቿ የምትቋጥረውን ሁሉ እኔ ልቋጥር ብል አይሆንም። በ1 ሰዓት መንገድ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ዝርዝር ለድሬ እንዴት ይሆናል?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከትምህርት ቤት እያስመለሰው መጣ። የበላው ሩዝ ነው። ማታ ተቀቅሎ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ምድጃው ላይ አደረ፣ ጠዋት ሞቀ፣ ትኩሱን በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ታሽጎ ሄደ። እናትየው ንጹሕ ሴት ናት፣ ምግቧን በደንብ ነው የምታሞቀው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሩዙ መቼ ነው የተቀቀለው?» ብላ ነው። ለካ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ጀርም አለ። ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም። ሩዙ ለብ እንዳለ ሲቀመጥ ይነቃል፣ ይራባል፣ የሚያስመልሰውን መርዝ ይተፋል። መርዙ አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። በድሬ ሩዝና ፓስታ የማይበላበት ቤት የለም፣ ስለዚህ ከቺዝ ሳንድዊች በፊት ለወላጅ መነገር የነበረበት ይህ ነው። ሩዝ ለምሳ የሚሄድ ከሆነ ጠዋት ይቀቀል። የማታ ትራፊ ከሆነ ወዲያው በሰፊ ሰሃን ተዘርግቶ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ ከሌለ ሩዙ ማታውኑ ተበልቶ ይለቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። ለሙቀት የሚሆን ምግብ ከውጭ መፈለግ የለብንም። እናቶቻችንና አያቶቻችን በባቡር ሲጓዙ፣ ወደ ጅቡቲ ሲነግዱ፣ ገጠር ለመኸር ሲወርዱ ይዘውት የሚሄዱት ስንቅ ነበር። ፍሪጅ አልነበራቸውም። ስንቁ ግን አይበላሽም ነበር። ለምን እንደማይበላሽ ብናውቅ ዛሬም ይሠራል። ደረቅ ነገር አይበላሽም። የኮመጠጠ ነገር ቶሎ አይበላሽም። ልጣጩ ያልተገፈፈ ነገር ቶሎ አይበላሽም። እጅግ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ነገርም እንዲሁ።

እንጀራ ኮምጣጣ ነው። ሊጡ ስለሚቦካ ብዙ ጀርም አይደፍረውም። የማሽላ እንጀራ የሐረርጌ እንጀራ ነው፣ ልጆቻችን በእሱ ማፈር የለባቸውም። ግን እንጀራው ከወጥ ጋር ተለውሶ ሲቀመጥ ያ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ እርጥበቱ ይበዛል። ስለዚህ እኔ ለየብቻ አደርገዋለሁ። እንጀራው ለብቻው፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ በንጹሕ ጨርቅ። ወጡ በትንሽ ፔርሙዝ። ፔርሙዙ ላይ አንድ ብልሃት አለ፣ ብዙ ሰው አያደርገውም። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ትሞሉበትና ከድናችሁ 10 ደቂቃ ያህል ትተዉታላችሁ። ውሃውን ትደፉና ድስቱ ላይ እየተንተከተከ ያለውን ወጥ እስከ አፉ ትሞሉበታላችሁ። ግማሽ ድረስ የተሞላ ፔርሙዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። 6 ሰዓት ላይ ሲከፈት እንፋሎት ካለው ደህና ነው። ለብ ብሎ ከተገኘ ግን ፔርሙዙ አይሠራም ማለት ነው፣ ለውሃ ይሁን።

ፔርሙዝ መግዛት የማይችል ቤት ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ለእሱ ደረቁ ይሻላል። በሾርባ ያልተጥለቀለቀ፣ ጠዋት የተሠራ፣ ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ምስር። እሱም ቢሆን ትኩሱን አትክደኑት። ትኩስ ምግብ በፕላስቲክ ሲታሸግ ላብ ያወጣል፣ ላቡ ተመልሶ ምግቡ ላይ ይንጠባጠባል፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ይመርራል። የምሳ ዕቃ መጥፎ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከተሠራ በኋላ በሰሃን ይዘርጋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይከደን። ይህ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ጠዋት ላይ 15 ደቂቃ ስንት እንደሆነ ይገባኛል።

እንቁላል ሲቀቀል ከነቅርፊቱ ይላክ። ልጁ ራሱ ይላጠው። እቤት የተላጠ እንቁላል ግን እጅ ነክቶታል፣ ውሃ ነክቶታል። ፍራፍሬም እንደዚሁ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ዘይቱን፣ በወቅቱ ጊሽጣ። ቀፊራ ገበያ ከጠዋት ከደረሳችሁ ፍሬው ገና ከገጠር እየወረደ ነው፣ ዋጋውም ከሱቅ ይሻላል። ፓፓያና ማንጎ ቤት ይበላ፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ፣ ወይም ማታ። ተቆርጦ በሙቀት 5 ሰዓት የቆየ ፓፓያ ለልጅ አይሰጥም።

ቆሎን የከለከለው ሰው ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል። የተቆላ ገብስና ሽምብራ ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል? ስኳር የለው፣ ዘይት የለው፣ ፕሮቲንና ቃጫ ያለው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ምግብ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ የባቢሌ ኦቾሎኒ አለን። አገር ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ኦቾሎኒ የሚበቅለው እዚሁ፣ ከሐረር ወዲያ ነው። ከ100 ግራም ኦቾሎኒ 25 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማይችል ቤት፣ ጾም ላይ ላለ ልጅ፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ኦቾሎኒ ይለቀም፣ ይጣል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሲገዙ ርካሹን ሳይሆን ንጹሑን መምረጥ ነው። ሁለተኛ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሙሉ ፍሬው አይሰጥ፣ ያንቃቸዋል። ለእነሱ ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ይቀባ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለ ደግሞ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት።

ስለ ደም ማነስም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ጤና ቢሮም ይህን እያነበበ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። እነዚያ ልጆች ናቸው ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚያንቀላፉት። ምስርና ሽሮ ብረት አላቸው፣ ነገር ግን ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ ሲጨመቅበት፣ ቲማቲም ሲቆረጥበት፣ ወይም ከምሳ ጋር ብርቱካን ሲበላ ይወስደዋል። ሻይ ደግሞ ያግደዋል። ስለዚህ ለልጅ በፔርሙዝ ሻይ ከምሳ ጋር መላክ፣ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር፣ ቢቀር ጥሩ ነው። አንድ ሎሚ ለሁለት ተቆርጦ ሳይሆን ሙሉውን ምሳ ዕቃው ውስጥ ይግባ፣ እዚያው ይቆረጥለት። ይህ ከቱና በጣም ይረክሳል።

አሁን ስለ ድሬ ልጆች ልናገር። ልጆቻችን አብረው ነው የሚበሉት። ክዳን ይከፈታል፣ እጅ ይገባል፣ ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞ የታወቀ ነው፣ በሥጋ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አይካፈልም። የዶሮ ሳንድዊች የተላከለት ልጅ ወይ ብቻውን ጥግ ይዞ ይበላል፣ ወይ ጓደኛው እያየው ይበላል። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ኦቾሎኒ፣ ዓሣ የተላከ ቀን ግን ሁሉም ይጎርሳል። እናቴ ለእኛ ስትቋጥር አስባ ነው ሥጋ የምታስቀረው፣ «ከማን ጋር እንደምትበሉ አይታወቅም» ትል ነበር። ይህ ከተማ የኖረው እንደዚህ ነው። ሐሙስ ዶሮ ብሎ የጻፈው ሰው ይህን ቢያስብበት ኖሮ ምሳው ጤናማ ብቻ ሳይሆን የሚካፈሉት ይሆን ነበር።

እስካሁን የወላጅን ሥራ ነው ያወራሁት። ግማሹ ሥራ ግን የትምህርት ቤቱ ነው፣ እዚህ ላይ ነው አቤቱታዬ። ወላጅ ጠዋት የሚችለውን አድርጎ ይልካል። ከበሩ በኋላ ያለው 5 ሰዓት በወላጅ እጅ አይደለም።

ምሳ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ይኑር። ትልቅ ነገር አልጠየቅንም። ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ በቂ ነው። ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ያለው ትምህርት ቤት አለ፣ ጥላው ሥር የሽቦ ወንፊት የተመታበት ቁም ሳጥን ቢሠራ ከቆርቆሮው ክፍል በስንት ይቀዘቅዛል። በአሁኑ ጊዜ ቦርሳ የሚከመረው መስኮት ሥር ወይም ውጭ ግድግዳው ጥግ ነው፣ ከቀኑ 4 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ያገኘዋል። እኛ ቤት ማታ ግማሽ ድረስ የተሞላ የሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ጠዋት ላይ ውሃ እንጨምርበትና በፎጣ ጠቅልለን ከምሳ ዕቃው ጎን እናደርገዋለን። እስከ ምሳ ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይጠጣል። መብራት የጠፋ ማታ ግን ይህም የለም። ቦርሳው ጥላ ውስጥ ቢውል ግን በረዶው ቶሎ አይቀልጥም ነበር፣ እሱ እንኳ ይታሰብልን።

ውሃና ሳሙና። ይህን መጻፍ ያሳዝነኛል፣ ግን ቧንቧ ደርቆ የሚውልባቸው ግቢዎች አሉ። በእጅ የሚበላ ሕዝብ ነን። ምግቡ ንጹሕ ሆኖ እጁ ካልታጠበ ምን ዋጋ አለው? ቧንቧ በሌለበት ክዳን ያለው በርሜል ከመክፈቻው ጋር ይቀመጥ፣ ሳሙና በክር ይታሰር። በወረፋ ለመታጠብ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። የምሳ ሰዓት ተብሎ የተሰጠው ጊዜ ለመታጠብም፣ ለመብላትም፣ ለመጸዳጃም በቂ መሆን አለበት። ትናንሾቹ ልጆች ምሳቸውን ግማሽ አድርሰው ደወል ይደወላል። ከዚያ ያ የተረፈው ምሳ ክዳኑ ተዘግቶ እስከ 9 ሰዓት ይቆይና በባጃጅ ውስጥ ሲርባቸው ይበሉታል። ከጠዋቱ ምግብ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። ልጆቻችሁን የተረፈውን እንዳይበሉ ንገሩ፣ ቤት መጥቶ ይደፋ።

ምሳ በ6 ሰዓት መሆኑስ ግዴታ ነው ወይ? በሙቀቱ ወራት 5 ሰዓት ላይ ቢደረግ ልጁም አይደክምም፣ ምግቡም አንድ ሰዓት ይተርፍለታል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የፕሮግራም ለውጥ ብቻ ነው፣ ቢሮው በአንድ ደብዳቤ ሊፈቅደው ይችላል።

ከዚያ የበሩ ሱቅና የግቢው ካንቲን አለ። ወላጅ ምስር እየቋጠረ፣ ትምህርት ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ለስላሳ፣ ቺፕስ፣ ከረሜላና በፌስታል የተቋጠረ ባለቀለም ጁስ እየሸጠ ስለ ጤናማ ምሳ ወረቀት መላክ አይያያዝም። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም የማያንስ ስኳር አለ፣ 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል ብሎ ያስቀመጠው 25 ግራም ያህል ነው። አንድ የ8 ዓመት ልጅ በአንድ ጠርሙስ ያልፈዋል። በሙቀት ልጅ ይጠማዋል፣ ውሃ ካጣ ያንን ይገዛል። ስለዚህ ለስላሳውን ከማስወጣት በፊት ውሃውን ማስገባት ነው። ንጹሕ የመጠጥ ውሃ በግቢ ውስጥ በነጻ ይኑር። ካንቲን የያዘ ሰውም መተዳደሪያው ነው፣ ሥራውን ይጣ አላልኩም። የተቀቀለ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ፣ ጠዋት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ፣ የሎሚ ውሃ ይሽጥ። ልጆቹ ይገዛሉ፣ አትጠራጠሩ።

ምገባ ባለባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ምሳ ዕቃ አይዙም፣ ግን ጥያቄው ያው ነው። ምግቡ ስንት ሰዓት ተሠርቶ ስንት ሰዓት ይቀርባል? በትልቅ ድስት የተሠራ ሩዝ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ አደጋው ከቤቱ ይበልጣል። የሚያበስሉት እናቶች ይህን ሥልጠና እንዲያገኙ እለምናለሁ።

ለሠራተኛውም ያው ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች፣ የቀን ሠራተኞች፣ የባጃጅ ሾፌሮች ምሳቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። ባጃጅ ወንበር ሥር ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ምሳ ዕቃ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእነሱም ይሆናል። አሠሪዎችም ጥላና ውሃ መስጠት አይከብዳቸውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። አገራችን በ2022 (እ.ኤ.አ.) የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ ሁሉም ከእኛው ማሳ ነው። ትምህርት ቢሮና ጤና ቢሮ ተነጋግራችሁ ያንን መሠረት ያደረገ፣ ለድሬ ሙቀት የተስማማ አንድ ገጽ የምሳ ምክር አውጡልን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ሥዕል ይኑረው። ጾምን ያስብ፣ ረመዳንን ያስብ፣ ፔርሙዝ የሌለውን ቤት ያስብ። የትኛው ምግብ በሙቀት እንደማይላክ በግልጽ ይናገር። ትምህርት ቤቶችም የራሳቸውን ዝርዝር ከመላካቸው በፊት እንዲያዩት አድርጉ። ቆሎና የማሽላ እንጀራ ይዞ የመጣ ልጅ በመምህርም ሆነ በጓደኛ እንዳይሸማቀቅ በግልጽ ይጻፍበት። ልጄ አንድ ቀን «እማ፣ ቆሎ አትላኪልኝ፣ ይስቁብኛል» አለኝ። ልጁ ቆሎ ይወዳል። እንደዚህ ያለውን ነገር ማቆም የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ርዕሳነ መምህራን፣ ከእናንተ የምፈልገው መደርደሪያውን፣ ሳሙናውንና የምሳውን ሰዓት ነው። ለመደርደሪያው እንጨት ከጎደለ ወላጅ ያዋጣል፣ አቦ፣ ድሬ ለዚህ አያንስም። እጃችንን ይዘን እንመጣለን፣ አናጢ የሆኑ አባቶች አሉን። ለምክሩ ወረቀት ደግሞ የሚያማክሯችሁ እናቶች ከፈለጋችሁ በየሰፈሩ አሉ፣ ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ ለሙቀት የሚሆን ስንቅ የማታውቅ ሽማግሌ ሴት አታገኙም። ስብሰባውን ቅዳሜ ከሰዓት ብታደርጉት የሚሠሩ እናቶችም እንገኛለን። ከግንቦት በፊት ቢሆን እመርጣለሁ፣ ሙቀቱ ሳይከርር።

መልሳችሁን በማስታወቂያ ሰሌዳም ይሁን በወላጅ ስብሰባ እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ተማሪዎች እናት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ